ተራው የተሰጠበት ወንዝ

የካቲት ዘጠኝ፣ ልክ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ነፍሱን ይማረውና ወንድሜ አንዲት እንግዳ ይዞ ከተራራው ማደሪያ ወጣ። ማደሪያው የመንደራችን ማህበር ንብረት ነው፤ ድንጋዩን ራሳችን ጠርበን የሠራነው። ጥብቁን፣ አውሬው እንዳይነካ የተከለለውን ተራራ ለሚያዩ እንግዶች መንገድ የምንመራውም በተራ ሲሆን የዚያን ቀን ተረኛ እሱ ነበር። እንግዳዋ ጡረታ የወጣች መምህርት ነች፤ በቅሎ ላይ ተቀምጣለች። ባለበቅሎው ከኋላ ይከተላል።

ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ በረዶ ወረደባቸው። ጀርባቸውን ገረፈው፣ ዱካውን ሸፈነው፣ ሣሩን እንደ ሳሙና አሟለጨው።

«ልጄ፣ ብንመለስስ?» አለች መምህርቷ።

«የመጣንበትም ያው ነው እትዬ። ወደፊት ይሻላል።»

በረዶው ሲያባራ ነብር ከቋጥኙ ሥር ብድግ አለ። በቅሎዋ ደነበረች፤ መምህርቷን አሽቀንጥራ ጥላ ቁልቁል ጋለበች። ባለበቅሎው ድንጋይ አነሳ። ወንድሜ እጁን ቀጨም አደረገው።

«ተው! ከነካኸው ይመጣብናል። ወደ እኔ ጠጋ በል፣ ጩኽ!»

ጃኬታቸውን ከፍ አድርገው ጮኹ። ነብሩ ትንሽ ቆሞ አያቸውና በቅሎዋን ተከትሎ ሄደ።

«ምነው እኔን በበላኝ» አለ ባለበቅሎው። «ቤት ውስጥ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምትፈለገው።»

የመምህርቷ እግር ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተሰብሯል። ብርዱ ከንፈሯን አጥቁሮታል፤ በተራራው ላይ ካደረች አይነጋላትም። ቶሎ መኪና መንገድ የሚያደርሰው አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው፤ እሱም ወንዙን ተሻግሮ በማዶ መንደር በኩል ነው። ማህበሩ ሲቋቋም «እናንተ ከጥብቁ ውጪ ናችሁ» ተብለው የቀሩት የዚያ መንደር ሰዎች ናቸው። እንዲቀሩ እጃቸውን ካወጡት አንዱ ወንድሜ ነበር።

እየተቀባበሉ አዝለዋት ወረዱ። ከላይ በወረደው በረዶ ወንዙ ሞልቷል። የእርዳታ ጥሪያቸውን ሰምተው የወጡ የማዶ ሰዎች ዳር ላይ ቆመዋል፤ ከመካከላቸው አንድ ግንበኛ ገመድ ይዟል፣ ግን አልወረወረም።

«እንግዳ ደህና ሲሆን በእናንተ በኩል፣ ሲሰበር በእኛ በኩል?» አለ ግንበኛው።

«ወርውር እንጂ ወንድም ዓለም! ሴትዮዋ ምን አጠፋች?» አለ ወንድሜ።

«እሷማ ምን አጠፋች። አንተ ግን ስብሰባው ላይ እጅህን ስታወጣ አይቼሃለሁ።»

ወንድሜ መምህርቷን አዝሎ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ከዚህ ወንዝ በታች እንግዳ የመምራቱ ተራ የእናንተ ይሁን።»

«ማህበሩንስ ትችለዋለህ?»

«አልችለውም። ግን ቆሜ እናገራለሁ።»

«ልጆች» አለች መምህርቷ ከጀርባው፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ስብሰባውን እዚያ ማዶ ብትጨርሱት?»

ግንበኛው ሳቁ አመለጠው። ገመዱን ወረወረ።

ወንድሜ ወገቡ ላይ አስሮ ወደ ጥልቁ ገባ። ውሃው ደረቱን መታው፣ አንዴ ዋጠው፣ ተፋው። መምህርቷ ጆሮውን ጨብጣ አልለቀቀችም። ከማዶ ሳቡ፤ ባለበቅሎውም በዚያው ገመድ ተሻገረ። ሰዎቹ ቃሬዛ አሰናድተው መምህርቷን ተሸከሙና ፊት ፊት ሄዱ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲመራ የኖረ ወንድሜ፣ ባዶ እጁን፣ በማያውቀው መንገድ ከኋላ ተከተላቸው። ጀንበር ሳትጠልቅ መኪና መንገድ ደረሱ።

እንዳለውም ስብሰባው ላይ ቆሞ ተናገረ። ማህበሩ ሳታማክረን ተራ ሰጥተሃል ብሎ እስከ ክረምት መግቢያ እንግዳ ከመምራት አገደው። የማዶ ሰዎች በዚያው ዓመት አባል ሆኑ፤ ከወንዙ በታች እንግዳ የሚመሩት እነሱ ናቸው።