በሁለት በር ያለፈ ቁጥር

መምህር በኃይሉ የሞተው ጠመኔ በእጁ እንደያዘ ነው። ቢያንስ የገደለው ሰው እንዲህ ተብሎ እንዲወራለት ፈልጓል።

በኬንያ በኩል ባለችው የድንበር ሰፈር በሄሉ ውስጥ፣ ከከባድ መኪና ጋራዦች ጀርባ፣ በኃይሉ ተከራይቶ ልጆችን ሒሳብ የሚያስጠናባት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ኢንስፔክተር ሀቢባ ጠዋት ስትደርስ ከደጃፉ የሚታየው የሰውየው እግርና የተገለበጠ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። አብሯት የመጣው ፖሊስ ወደ ውስጥ መግባትም አላሰኘውም። «ወንበር ላይ ቆሞ ሲጽፍ ወድቆ ነው» አለና ጥላ ፍለጋ ሄደ። አንዳንድ ሰው ደመወዙን የሚበላው እንዲህ ነው።

ሀቢባ ገብታ ተንበረከከች። የተሰነጠቀው የሟቹ አናት ነው። ከወንበር ወደ ኋላ የወደቀ ሰው ማጅራቱን ይመታል እንጂ አናቱ አይሰነጠቅም። የበሩ መቀርቀሪያ ብረት ቦታው ላይ ቆሟል፤ ክፍሉ በሙሉ አቧራ ለብሶ ብረቱ ብቻ ታጥቧል።

ከዚያ ቀና አለች። ሰሌዳው የተሰቀለው በሩ ባለበት ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ለማየት ውስጥ ገብቶ መዞር ያስፈልጋል። ከላይ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ የቁጥር ማሽን ተስሏል፤ አምስት ይገባል፣ በመጀመሪያው ሳጥን ሦስት ይደመርበታል፣ በሁለተኛው በሁለት ይባዛል። የሚወጣው አሥራ አንድ ተብሎ ተጽፏል። ሀቢባ ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። ሰሌዳውን በአንሶላ ሸፈነች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ውጭ የተሰበሰበው ሰው ግን ገዳዩን ከእሷ በፊት አግኝቷል። ጋዲሴ ናት አሉ፤ የሟቹ ረዳት፣ ከኢትዮጵያ በኩል ተሻግራ ያለ ወረቀት የምትኖር ወጣት። ትናንት ከበኃይሉ ጋር ስትጨቃጨቅ «ይህን ክፍል የምትለቅልኝ ስትሞት ነው» ማለቷን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ገና ሳይነጋጋ ከአልጋዋ ጎትተው ጣቢያ አስገብተዋታል። አዛዡም እስከ ማታ ሌላ ሰው ካልቀረበለት በግድያ እንደሚከሳት ለሀቢባ በስልክ ነገራት።

ሀቢባ ጣቢያ ስትገባ ጋዲሴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ገድለሽዋል?»

«ብገድለው ደስ ይልሽ ነበር፤ ቶሎ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ትልልቆቹን ላስተምር አልኩት። ገና ነሽ አለኝ። ሁልጊዜ ገና ነኝ።»

«የቁጥር ማሽን ታስተምሪያለሽ?»

ጋዲሴ እንደተሰደበ ሰው አየቻት። «ሰው ሞቶ ስለ ሒሳብ ትጠይቂኛለሽ?»

«መልሺልኝ።»

«እሱ እንዳሳየኝ አስተምራለሁ። አንዱን ልጅ ኢትዮጵያ፣ አንዱን ኬንያ አድርገን እናቆማለን። ቁጥር የያዘው ልጅ መጀመሪያ እዚያ የመውጫ ማህተም ያስመታል፣ ቀጥሎ እዚህ የመግቢያ። ሳይወጣ የሚገባ የለም። ማሽኑም እንደዚያው ነው፤ ቁጥሩ መጀመሪያ ያገኘው በር መጀመሪያ ይሠራበታል።»

«ማባዛት ከመደመር አይቀድምም?»

«በአንድ መስመር ሲጻፍ ይቀድማል። የማሽኑን በመስመር ልጻፈው ካልሽ፣ ቀድሞ የተደመረውን ቅንፍ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ልጆቹ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው።» ፊቷን አዞረች። «ሌላ ጥያቄ ካለሽ ግድግዳውን ጠይቂው።»

ሀቢባ አልተቀየመችም። ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው እንዲህ ሲናገር ከዚህ በፊትም ሰምታ ታውቃለች።

የክፍሉ ባለቤት ጅሎ ከጎልቦ ቆላ የመጣ የከብት ነጋዴ ነው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«የሚነሳው መቼ ነው?» አላት ገና ሳትቀመጥ። «ቤቱን ለመጋዘን ተዋውያለሁ።»

«ሰው ሞቷል፣ ኦቦ ጅሎ።»

«እኔ አልሞትኩም።»

«ሲያገኙት ወደ ውስጥ ገቡ?»

«ሬሳ ላይ ምን ልሠራ እገባለሁ? እግሩን አየሁ፣ በሩን ገጠምኩ፣ ደወልኩላችሁ። በቀደም ያ ትራንዚተር፣ አብዱራሺድ፣ መጥቶ በኃይሉ ላይ ሲጮህበት ፍየሎቼን በታተነብኝ። ዛሬ ደግሞ እናንተ።»

አብዱራሺድ የነጋዴዎችን ጭነት በጉምሩክ እያስጨረሰ የሚያሳልፍ፣ ዲግሪውን በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ የሰቀለ ሰው ነው። ሀቢባን በር ላይ ብዙ አቁሞ አስገባት። አንቺ ይላታል።

«ከሟቹ ጋር ምን አጣላዎት?»

«ድንቁርናው። ለልጄ ስህተት ያስተምራታል። የቤት ሥራዋን የማርመው እኔ ነኝ። ማባዛት ከመደመር ይቀድማል፤ ይህን የማያውቅ ሰው መምህር ይባላል?»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ከተጣላን ወዲህ ያን ክፍል ረግጬው አላውቅም። ገዳይዋን ይዛችኋል፤ ከእኔ ምን ፈልገሽ ነው?»

ልጁ ቢፍቱ ውሃ ይዛ ገባች። ብርጭቆውን የዘረጋችው በግራ እጇ ነው፤ በዚህ ቤት ደግሞ ለእንግዳ በግራ እጅ አይሰጥም። ቀኝ መዳፏ አብጧል።

«እጅሽን ምን ነካሽ?»

ልጅቷ አባቷን አየች። «ወድቃ ነው» አለ እሱ።

 ሀቢባ ውሃውን ሳትጠጣ አስቀምጣ ወጣች፤ ደጅ ላይም ልጅቷ ሌላ ዘመድ እንዳላት ጎረቤት ጠየቀች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው እሷው በሩን ከፍታ፣ ሰሌዳው እንደተሸፈነ ተነስቷል። ጋዲሴ በካቴና፣ ጅሎ እየተነጫነጨ፣ አብዱራሺድ ሰዓቱን እያየ፣ የልጆቹ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አዛዡ በሩ ላይ ቆሟል። ከግቢው ውጭ ሰዉ ጋዲሴ ትሰጠን እያለ ይጮሃል።

«በኃይሉ አልወደቀም» አለች ሀቢባ። «በዚያ ብረት ተመትቷል። ገዳዩ ብረቱን አጥቦ መለሰ፣ ወንበሩን ገለበጠ፣ ጠመኔ አስጨበጠው። የነገውን ትምህርት ሲያዘጋጅ ወደቀ እንዲባል ሰሌዳው ላይ የቁጥር ማሽን ሣለ። ወንበር ያስፈለገ እንዲመስልም ከፍ አድርጎ ሣለው።»

«ብልጥ ናት» አለ ጅሎ ጋዲሴን በአገጩ እያመለከተ።

«እሷ ብትሆን ልክ ትጽፈው ነበር። የተጻፈው መልስ ስህተት ነው። በኃይሉ የዕድሜ ልክ ሥራውን አይስትም፤ ስለዚህ የጻፈው እሱ አይደለም። ጋዲሴም በዚሁ ዘዴ ስታስተምር ኖራለች። የጻፈው ምንም ሳያውቅ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ነው።» ወደ አብዱራሺድ ዞረች። «ትንሽ ልጅ የማይስተውን የሳተ ደንቆሮ።»

አብዱራሺድ ፊቱ ጠቆረ። «ደንቆሮዋ አንቺ ነሽ። አሥራ አንድ ምኑ ነው ስህተቱ? ሦስት በሁለት ስድስት፣ ከአምስት ጋር አሥራ አንድ። ሌላ ምን ሊሆን ነው?»



«አንሶላው እኮ አልተነሳም፣ አቶ አብዱራሺድ» አለች ሀቢባ። «ቁጥሩን ለማንም አልተናገርኩም። ሰሌዳው ከደጃፍ አይታይም፤ ቁልፉ ከእኔ እጅ አልወጣም። አሥራ አንድ ተብሎ መጻፉን የምናውቀው እኔና የጻፈው ሰው ብቻ ነን።»

«ጅሎ ነግሮኝ ነው።»

«እግሩን ነው ያየሁት» አለ ጅሎ። «ከአንተ ጋር ደግሞ መቼ ተነጋግረን እናውቃለን?»

ሀቢባ አንሶላውን ገፈፈችው። «በየቀኑ ጭነት ታሳልፋለህ» አለችው፤ አክብሮቱ ከአፏ ወጥቶ ሄዷል። «መኪናው ያላለፈበትን በር ማህተም አስቀድመህ አስመትተህ ታውቃለህ? አምስት መጀመሪያ ያገኘው መደመሩን ነው፤ ስምንት ሆነ። ስምንት በሁለት አሥራ ስድስት ነው። ቢፍቱ ይህን ስለጻፈች መዳፏን ገረፍካት። በኃይሉ እጇን አየ፣ እንደሚከስህም በልጅቷ ፊት ነገረህ። ዛሬ አክስቷ ባለችበት እሷው ነገረችኝ።»

አብዱራሺድ ሰሌዳውን እንጂ እሷን አላየም። «ክሱን እንዲተው ልነግረው ነው የሄድኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ጠመኔ ሰጥቶ ያን ማሽን ሥራው አለኝ። እንደ ልጅ። ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ብረቱ አጠገቤ ነበር።»

ካቴናው ከጋዲሴ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ። ይቅርታ ያላት ሰው የለም። አዛዡ ስለ ወረቀቷ ሌላ ቀን እንነጋገራለን አላት፣ ጅሎ ክፍሉ አሁን ነፃ እንደሆነ ጠየቀ፣ ውጭ ሲጮህ የዋለው ሰው አዲስ የሚጮህበት አግኝቶ የፖሊሱን መኪና ተከተለ።

ቢፍቱ ከአክስቷ እጅ አምልጣ መጣች። አባቷ ሲጫን አይታለች።

«ቲቸር» አለቻት ጋዲሴን፣ «እኔ አሥራ አንድ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ቲቸር በኃይሉ አይሞትም ነበር?»

 ጋዲሴ በሁሉም ሰው ላይ ያደረባት ጥላቻ ገና ከፊቷ ሳይወጣ ተንበረከከችና ያበጠውን መዳፍ በሁለት እጇ ያዘች።

«አሥራ ስድስት ነው» አለቻት። «አንቺ ልክ ነበርሽ። የሞተው በአንቺ አይደለም። ነገም እንደዚያው ነው የምትጽፊው።»

ልጅቷ እሺ አለች። ያመነች ግን አትመስልም ነበር።