የበረዶ መዛኙ አሟሟት

ሬሳው ከተራራው ጎጆ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ከአንድ ቋጥኝ ሥር በደረቱ ተደፍቷል። መርማሪዋ ጓንቷን አውልቃ የሟቹን ማጅራት ዳሰሰች።

«ከቋጥኙ ወድቆ ነው» አለ የግድቡ ኃላፊ ከኋላዋ ቆሞ። «ጠዋት ጠዋት ያዳልጣል።»

«ይሆናል።»

ቁስሉ ግን ክብ ነው፤ ዙሪያውን በመጋዝ ጥርስ የተነከሰ ይመስላል። ድንጋይ ደግሞ ጥርስ የለውም። ከሟቹ የውስጥ ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ለብቻዋ አነበበችና ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው።

ሟቹ ሃያ ዓመት ሙሉ በረዶ ሲመዝን የኖረ ሰው ነበር። ጫፉ ጥርስ ያለው ረጅም ቱቦ እስከ መሬት ሰክቶ፣ ውስጡ የቀረውን በረዶ ይመዝናል። ተራራው ሲቀልጥ ወደ ግድቡ ስንት ውሃ እንደሚወርድ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከግድቡ በታች ያለው ከተማ እንቅልፍ የሚወስደው እሱን አምኖ ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኙትን ሽማግሌ ጥበቃ ነው።

«አባባ፣ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ጭቅጭቅ ነዋ ልጄ። ወንድማማቾቹ ናቸው። ታናሽየው በሩን በርግዶ ወጣ። እኔም እንጨት ልለቅም ወረድኩ፤ ቀትር ላይ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ሬዲዮው ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዲዳ ነው፤ በእግሬ ወርጄ ለኃላፊው ነገርኩት።»

«ምን ብለው?»

«ሰውየው ሞቷል አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?»

ታናሽየው የሟቹ ወንድምና ረዳት ነበር።

«ሥራውን ልተው ነው አልኩት። ‹ብቻዬን ጥለኸኝ?› አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ።»

«ቱቦው የት ነበር?»

«ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ። ማንም ያነሳዋል። እኔን እንደሚያስጠረጥረኝ አይጠፋኝም።»

ኃላፊው እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ሟቹ የግድቡን ውሃ አጉድሉ እያለ ያስቸግርዎት ነበር አሉ» አለችው።

«ነፍሱን ይማር፣ ፈሪ ነበር። ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር በረዶ ቢቀልጥ ሃያ አንድ ሳንቲሜትር ውሃ ነው። አንድ አሥረኛ፤ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ብሎ ግድብ የሚያጎድል አለ?»

መርማሪዋ ታናሽየውን መጠባበቂያውን ቱቦና ሚዛኑን አሸክማ ወጣች። ሲመለሱ ሦስቱንም ምድጃው ዙሪያ አስቀመጠች።

«ሟቹ ዛሬ ጠዋት ብቻውን ለክቶ ጽፏል። ጥልቀት፣ ሁለት ሜትር ከአሥር። የውሃው ቁጥር ግን ተፍቆ በላዩ ሃያ አንድ ተጽፎበታል። አንተ አሁን ስንት አገኘህ?»

«ሰማንያ» አለ ታናሽየው። «አዲስ በረዶ እንደ ጥጥ ነው፤ እሱ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ይሄ ግን ወራት የተኛ፣ ራሱን በራሱ የተጫነ ነው። ወንድሜ ሃያ አንድ ብሎ አይጽፍም።»

«አንተም አትጽፍም። ማታለል ብትፈልግ እንኳ የሚታመን ቁጥር ትመርጥ ነበር። አባባስ?»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

«እንግዲህ የጻፈው የትምህርት ቤቱን ደንብ እንጂ ተራራውን የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ትናንት ሌላ በረዶ ጥሏል፤ የድሮው ጥልቀት ተለውጧል። ሬዲዮው አይሠራም። ደብተሩ ከኪሴ አልወጣም። ሁለት ሜትር ከአሥር መሆኑን ማን ነገረዎት?»

ኃላፊው ያነባበረውን እግር አወረደ።

«ውሃው ከጎደለ የግድቡ ስንጥቅ ይታያል» አለ። «ጠግኛለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። አንድ ቁጥር ብቻ ለውጥልኝ ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ። ቱቦው አጠገቤ ነበር።»

ታናሽየው አልተነሳበትም። «ከተማው ውስጥ እናታችን አለች» ብሎ ለማስጠንቀቅ ቁልቁለቱን ሮጠ።

የግድቡ በሮች የዚያኑ ዕለት ተከፈቱ። በዘጠነኛው ቀን ስንጥቁ ከውሃው በላይ ወጣ፤ የሰው ክንድ እስከ ትከሻ ያስገባል። ከተማው በሙሉ ሊያየው ወጣ።

እናትየው አልሄደችም። መርማሪዋ ደጇ ስትደርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«ልጄ ተሠቃይቶ ነው የሞተው?»

«አይደለም እናቴ፤ ወዲያው ነው» አለቻት።

እውነት ይሁን አይሁን መርማሪዋ ራሷም አታውቅም።