ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ

«ሰውየው ዛሬም አልተሻለውም እንዴ?» አሉ አያቷ፣ በሩን በክርናቸው ገፋ አድርገው። በአንድ እጃቸው ሹራብ፣ በሌላው ለብ ያለ ውሃ ይዘዋል።

«እማማ፣ ማንም አላመመውም። እየዘፈነ ነው።»

«ይሄ ዘፈን ነው? ትናንትም ሲያቃስት ነው የዋለው። ጉሮሮው ይቆስላል እኮ! እናት የለውም?»

ልጅቷ ሳቀች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በአያቷ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ፊት፣ ያውም በባዶ ሲሚንቶ ላይ፣ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የክፍል ጓደኞቿ «ነጎድጓድ» ይሏታል። ዘፋኙ ከአንጀቱ የሚያገሳበትን፣ ድራሙ ደረት የሚደልቅበትን ዴዝ ሜታል የተባለ ሙዚቃ ስለምትወድ ነው። አብልጣ የምትወደው ደግሞ ሜሎዲኩን፣ ከዚያ ሁሉ ግሳት በላይ ጊታሮቹ አንጀት የሚበላ ዜማ ይዘው የሚበሩበትን ነው።

ከትምህርት ቤቱ ማዶ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ቤት አለ። ልጅቷ አዲስ የገባ የሜታል አልበም ወደ ቤት ትወስድና አስተያየቷን በካርድ ጽፋ ታመጣለች፤ ባለሱቁም ካርዱን ከሸክላው በላይ ያንጠለጥለዋል። ካርዶቿ ሁሉ የሚጀምሩት «ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ» በሚል መስመር ነው። ደግሞም እውነቷን ነው። ከእሷ በፊት ይጽፍ የነበረውን ጎረምሳ ያስባረረችውም «ሽፋኑን እያየ ነው የሚጽፈው» ብላ ነበር። አሁን ባለሱቁ ቃል ገብቶላታል፦ ከቅዳሜ ጀምሮ የሜታሉ መደርደሪያ የእሷ ይሆናል፤ የትኛው አልበም ይምጣ፣ የትኛው ይቅር የምትለው እሷ ናት።

አሁን የምትሰማው አልበም ካርዱ ከተሰቀለ አራት ቀን ሆኖታል። «የዓመቱ ዝግተኛ አልበም» ብላለች። «ጊታሩ ጭነት እንደበዛበት መኪና ዳገት ይወጣል። አራተኛው ዘፈን ላይ አንድ ሽማግሌ ያለቅሳል፤ አብሬው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።»

አያቷ ሹራቡን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና መነጽራቸውን አጥልቀው ሽፋኑን አነሱ። የልጅ ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር እንደምትውል ማወቅ አለባቸው።

«ይቺ ቆንጅዬ ማናት? ‹አራተኛው ዘፈን ላይ› ይላል ከሥሯ። የታለች ታዲያ?»

«አራተኛው ላይ ሴት የለችም እማማ። ሽማግሌ ነው።»

«ይቺ ናት ሽማግሌ? ሃያ ዓመትም አይሞላት!»

ልጅቷ ሽፋኑን ተቀብላ አነበበች። መርፌውን አነሳች፤ ሸክላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት መረመረች። እዚያ ጥግ ላይ፣ ከሩዝ ፍሬ በማይበልጥ ጽሑፍ፣ «45» ይላል። በደቂቃ አርባ አምስት ዙር። የማጫወቻው የፍጥነት ማዞሪያ ግን ሠላሳ ሦስት ላይ ነው፤ ሸክላ ደግሞ ዝግ ብሎ ሲዞር ድምፁ ሁሉ ይወፍራል። የአያቷ ሸክላዎች ሁሉ ሠላሳ ሦስት ስለሆኑ ማዞሪያውን ለዓመታት ማንም ነክቶት አያውቅም።

ሸክላውን መልሳ ማዞሪያውን አርባ አምስት ላይ ቀጭ አደረገችው።

በረዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደ መሰለ። ጊታሮቹ ዳገት መውጣታቸውን ትተው በረሩ። አራተኛው ዘፈን ሲደርስ ያ ሽማግሌ የለም፤ ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ወጣት ሴት ናት።

«ይቺስ ደህና ናት» አሉ አያቷ። «ሰውየው ግን ባሰበት።»

ልጅቷ ስልኳን አንስታ ለጓደኛዋ ደወለች። የትምህርት ቤቱን ሬዲዮ የሚያዘጋጀው እሱ ነው፤ ካርዱን ሰኞ በምሳ ሰዓት ሊያነብላት ነበር። ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችለት።

«ኧረ ባክሽ አትጨናነቂ» አላት። «እዚህ ሰፈር ይሄን የሚሰማው ማነው? እኔና አንቺ። አሁን ብትናገሪ ዓመቱን ሙሉ ነው ሙድ የሚይዙብሽ። መደርደሪያውም ላሽ ይላል።»

«ቆይ፣ አንተ ቤትህ ሰምተኸው የለ እንዴ? ‹ሽማግሌው አስለቀሰኝ› አላልከኝም?»

«ያው... ካርድሽን አንብቤ ነዋ» አለ። «አንቺ ሰምተሽ የለ? እኔ ምን አደርጋለሁ ደግሜ?»

ልትቆጣው ነበር፤ ተወችው። የዋሸው እኮ እሷን አምኖ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አያቷ በር ላይ አስቁመው አንገቷን ከሸፋፈኑ በኋላ አንድ ጥቅል ጥጥ ኪሷ ውስጥ ከተቱ። «ለጆሮሽ ነው። እምቢ እንዳትዪኝ።»

ባለሱቁ ገና መስኮቱን እየወለወለ ነው። «መጣሽ! አምስት ሸጥን እኮ በካርድሽ» አላት። «አንዱ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሽማግሌው የታለ? እኔ የምትሰማኝ ሴት ናት› አይለኝም! ‹ልጅቷ ሦስት ጊዜ ሳትሰማ አትጽፍም፤ ጆሮህን ታከም› ብዬ መለስኩት።»

ያ ሰው በትክክል ሰምቶ፣ በእሷ ምክንያት ጆሮውን ተጠራጥሮ ወጣ ማለት ነው። ከደብተሯ መሃል አዲስ ካርድ አውጥታ ከአሮጌው ሥር ሰቀለችው።

ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ ጮክ እያለ አነበበ። «‹ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሦስቱንም በተሳሳተ ፍጥነት። ትክክለኛው አርባ አምስት ነው። ሽማግሌ የለም። አሁን ሌላ ሦስት ጊዜ ሰማሁት፤ መጀመሪያ ከጻፍኩት እጅግ ይበልጣል።›»

ቀና ብሎ አያት። «አሮጌውን ላንሳው?»

«ይቆይ ጋሼ። ያ ሰውዬ ሲመጣ ሁለቱንም ያንብብ። ከደወለልዎት ደግሞ ጆሮው ጤነኛ እንደሆነ ይንገሩልኝ።»

«እና የመደርደሪያው ነገር...»

«መጀመሪያ ይስሙት» አለችው።

ይዛ የመጣችውን ሸክላ ከሽፋኑ አውጥታ የሱቁ ማጫወቻ ላይ አስቀመጠች። መሃሉ ላይ ያለውን ቁጥር አየች፤ ማዞሪያውን አየች፤ እንደገና ቁጥሩን አየች። ከዚያ እጇን ኪሷ ከትታ የአያቷን ጥጥ አወጣችና ግማሹን ቆርሳ ለባለሱቁ ዘረጋችለት።