ቤልጅጉ ወደ ቡልቡላ

ጥይቶቹ ቀጭን ነበሩ። የሺአረግ ይህን ያስተዋለችው በረዶው ከግራሩ ሥር ካስጠለላቸው፣ የጋዜጣው መጠቅለያም በስብሶ ጥይቶቹ ጭቃ ላይ ከተዘረገፉ በኋላ ነው። ጠዋት ቤልጅግ ጠመንጃውን ስትሞክር የተኮሰችው ወፈር ያለ ነበር። አንዱን አንሥታ ጠረገች፤ የቤልጅጉን መቀባበያ ስባ ከተተችው። ጥይቱ ጉድጓድ እንዳገኘ አይጥ ሾልኮ ገባና ውስጥ ተንቀጫቀጨ።

«ብዬ ነበር» አለች። «አንድ ነገር ይደርሳል ብዬ ነበር።»

«አንቺማ ያልሽው ጠመንጃው እጃችን ላይ ይፈነዳል ነው» አሏት ጎረቤቷ ጋሽ ገብረሰንበት፣ ከባርኔጣቸው ላይ በረዶ እያራገፈ።

የላካቸው የቡልቡላ ገበሬ ማኅበር ነው። መሬት ለአራሹ ከታወጀ ወዲህ ማኅበሩ ጥበቃ ቢያቋቁምም፣ ጠባቂዎቹ የያዙት ዱላ ብቻ ነበር። በዚያ ክረምት ጅብ የማኅበሩን በረት ሰብሮ ጥጃ ወሰደ፤ ጠባቂውንም ባቱን ነከሰው። የዛሬ ማታ ተረኛ የየሺአረግ ልጅ ፀሐይነሽ ናት። ሃያ ሁለት ከሚባለው ሰፈር ማዶ ያለ አንድ መጋዘን፣ ጦሩ የተዋቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች ለማኅበራት ይሸጣል ሲባል፣ ከሁሉ ቀድማ «እኔ እሄዳለሁ» ያለችው እናትየዋ ናት።

በመጋዘኑ አንድ ደህና ቤልጅግ ነበር። ከወንዝ ማዶ ካለው ማኅበር የመጣው ሐምዛም እሱኑ ፈለገ። «ጣሳውን የመታ ይውሰደው» አለ ሻጩ። ሐምዛ ሳተ። የሺአረግ ዓይኗን ጨፍና ተኮሰች፤ ጣሳው ዘሎ ወደቀ። ሐምዛ የተረፈውን ምንሽር ይዞ እንዳኮረፈ ሄደ። ሻጩ የሁለቱንም ጥይት በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጥቷቸው ነበር፤ የምንሽር ጥይት ደግሞ ቀጭን ነው።

«የእኛ ጥይት እሱ ዘንድ ሄዷል» አለች የሺአረግ። «ወደ መጋዘኑ ብንመለስ ይመሽብናል። ወንዙን የሚሻገርበት መልካ ላይ እንድረስበት።»

የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር ታክከው አልፈው ሜዳውን በሩጫ ያዙት። ጥቁሩ የመረሬ ጭቃ ጫማቸውን እየመጠጠ ያስቀራል፤ ይነቅላሉ፣ ይሮጣሉ። የወንዙ ድምፅ ሲሰማ የዳሩ ደንገል ተሰነጠቀና አንድ ከርከሮ ጥርሱን አግጥጦ ወጣ። ጋሽ ገብረሰንበት በዕድሜያቸው ያልተጠበቀ ቅልጥፍና አሳይተው ዛፍ ላይ ወጡ። የሺአረግ ለማስፈራራት ባዶውን ጠመንጃ አቀባበለች። ከርከሮው ግድ አልሰጠውም፤ መሬቱን እየደለቀ መጣ። አፈሙዙን በሁለት እጇ ጨበጠችና በሰደፉ አፍንጫውን አጮለችው። አጓራ፣ ዞረ፣ ደንገሉን ጥሶ ጠፋ።

«ሰደፉ ተሰነጠቀ እንዴ?» አሉ ጋሽ ገብረሰንበት ከላይ።

«ደህና ነው። ይልቅ እርስዎ ሳይሰነጠቁ ይውረዱ።»

መልካው ሞልቶ ደፍርሷል። ሐምዛና ጓደኛው ሱልጣን ቀድመው ተሻግረው በማዶ ዳር ልብሳቸውን ይጨምቃሉ።

«እትዬ የሺ!» አለ ሐምዛ ሲያያት። «ቤልጅጉ ከበደዎት? እኛ እንሸከምልዎት?»

«ጥይት ተለዋውጠናል። የያዝከውን ሞክረው።»

«የእኔ ደህና ነው።»

«ሞክረዋ።»

ሐምዛ ምንሽሩን አውርዶ አንድ ጥይት ጨመረ። ጥይቱ አልገባም አለ። ገፋው፣ በመዳፉ መታው፤ እንቢ አለ። ሱልጣን በሣቅ ፈረሰ።

«ዝም በል አንተ» አለ ሐምዛ፤ ወደ የሺአረግም ዞሮ፣ «እሺ፣ ጥይቱ ይቅርና ጠመንጃውን እንለዋወጥና እንገላገል።»

«ዛሬ ማታ በረቱን የምትጠብቀው ልጄ ናት፣ ሐምዛ።»

ሐምዛ ውሃውን አየ። «ዋና አልችልም» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔስ መቼ እችላለሁ?»

የሺአረግ ረጅም መቀነቷን ፈታች፤ አንዱን ጫፍ ለጋሽ ገብረሰንበት ሰጥታ በሌላው ወገቧን አሰረች። መቀነቱ ይበጠሳል፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ጎርፍ ይመጣል ብላ አሰበች፤ ሁሉንም አስባ ገባች። ከማዶ ሐምዛ የሱልጣንን ጋቢ ጨብጦ ገባ። ውሃው ደረታቸውን እየገፋ መሐል ላይ ተገናኙ፤ ጥይቶቹን ከራሳቸው በላይ ይዘው ተቀባበሉ።

«ይቅናዎት እትዬ።»

«ለአንተም። ሌላ ጊዜ ዓይንህን ጨፍነህ ተኩስ።»

ሐምዛ ሲስቅ ውሃ ጠጣ።

ቡልቡላ ሲደርሱ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። ፀሐይነሽ የበረቱን በር በጀርባዋ ደግፋ ችቦ ታወዛውዛለች፤ ሦስት ጅቦች አጥሩን ያሸታሉ። የሺአረግ እየሮጠች ጠመንጃውን አጎረሰች። ጥይቱ ልክክ አለ። ከጅቦቹ ጀርባ ወዳለው ጉብታ አነጣጥራ ቃታውን ሳበች፤ ሰደፉ ትከሻዋን መታት፣ ሜዳው አስተጋባ፣ ጅቦቹ ጭራቸውን ወሽቀው ወደ ወንዙ በረሩ። አሁን ዓይኗ ተገልጦ ነበር።

«እማዬ፣ ረጥበሻል። ግቢ» አለች ልጅቷ። እጇንም ለጠመንጃው ዘረጋች። «ተራው የእኔ ነው።»

«ተመልሰው ቢመጡስ?»

«እተኩሳለሁ።»

«በጀርባሽ ቢመጡስ?»

«ዞሬ እተኩሳለሁ። ጋሽ ገብረሰንበትም አሉ።»

«እሳቸውማ ዛፍ ላይ ነው የሚወጡት።»

ፀሐይነሽ ሣቀች። የሺአረግ ልትጠይቀው የቀራት ብዙ ነበር። ግን ቤልጅጉን አቀበለቻትና ከበረቱ አጠገብ ወዳለው ቤቷ ገባች። ልጇን ከወለደች ጀምሮ በሩን የምትዘጋው እሷን ከውስጥ አድርጋ ነበር።

«እማዬ፣ ቆለፍሽ?» አለ ድምፅ ከደጅ።

እጇ ቁልፉ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ አዞረችው።

«ቆለፍኩ።»