እድላዊት ዝናብ ያሰረች ጊዜ

ቋጠሮው እምቢ አለ። በጥርሷ ሳበችው፤ እምቢ አለ። በጥፍሯ ቆነጠጠችው፤ እምቢ አለ።

እኔ ደወል ደውዬ ቅጥሩን ስዞር አየኋት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀምጣለች። ማተቧን አፏ ውስጥ ከታለች።

«ምነው ልጄ፣ ማተብ ይበላል እንዴ?» አልኳት።

«አልበላሁትም።»

«ታዲያ?»

ማተቧን ከአፏ አወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባባ፣ ቢላዋ አለዎት?»

«ቢላዋስ አለ።»

«ማተብ መቁረጥ ኃጢአት ነው?»

«እንዲያ ይላሉ።»

«ዝናብ ማሰርስ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«የትኛው ይብሳል?» አለች።

ልጆች፣ ግራ ገባኝ። እናንተም ግራ እንዳይገባችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ይህች ልጅ እድላዊት ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ቤታቸው ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ። አባቷ ሙሉቀን ገበሬ ነው። እናቷ ካሣነሽ ትባላለች። አንተነህ የሚባል ትንሽ ወንድምም አላት።

ክረምት ገባ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። አክስቷ የትናየት መካነ ኢየሱስ ነው የምትኖረው። ቴሌቪዥን አላት። እድላዊት አንድ ጊዜ ሄዳ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

«አባዬ፣ አክስቴ ጋ መቼ ነው የምሄደው?»

«ዝናቡ ሲያባራ። መንገዱ ጭቃ ነው። መኪና አይገባም።»

«መቼ ያባራል?»

«እኔ ነኝ እንዴ የማዘንበው?»

ዝናቡ አላባራም። ሐምሌ ነው እኮ። ጠዋት ይዘንባል። ከሰዓት ይዘንባል። ውጭ ጭቃ ነው። ቤት ውስጥ ጥጃው አለ፣ ጭሱ አለ፣ አንተነህ አለ። እድላዊት በሁሉም ተማረረች።

ዝናብ ሲጥል ሁሉም ቤት ይውላል። ሙሉቀን በሩ አጠገብ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ካሣነሽ ትፈትላለች። ረመጡ ውስጥ ድንች ይበስላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው አንዱ የሌላውን አይሰማም። ሙሉቀን «ውኃ አምጪ» ይላል። ካሣነሽ «ማን መጣ?» ትላለች። ይሳሳቃሉ። እድላዊት ግን አትስቅም።

አንተነህ እንቆቅልሽ ይወዳል። አንድም መልስ አግኝቶ አያውቅም። ግን ይወዳል።

«ጠይቂኝ» ይላታል።

«እንቆቅልህ» ትለዋለች፣ በግድ።

«ምን አውቅልሽ።»

«ሲመጣ ይጮኻል፣ ሲሄድ አፈር ይሰርቃል።»

«ድመት።»

ሁልጊዜ ድመት ነው የሚለው።

«አይዶለም። አላወቅህም፤ አገር ስጠኝ።»

«ወገዳን ሰጠሁሽ።»

«ወገዳ አልፈልግም።»

«እንግዲያ አርብ ገበያን ውሰጂ።»

«እሱንም አልፈልግም። መካነ ኢየሱስን ስጠኝ።»

«እሱማ ሩቅ ነው» አለ ልጁ። ድንቹን ይበላል።

መልሱ ጎርፍ ነበር። እድላዊት ሳትነግረው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው የሺ ዝናብ አባሯት ገባች። ከካሣነሽ ጎን ተቀምጣ ነጠላዋን እያራገፈች ወሬ ጀመረች።

«ዝናብ የሚያስር ሰው አለ ይባላል» አለች። «ቋጠሮ ይቋጥራል አሉ። ከዚያ ወዲያ ከሰማይ ጠብ አይልም።»

«ተይ እቴ፣ ልጆች ይሰማሉ» አለች ካሣነሽ።

ልጆች ሰምተው ነበር።

እድላዊት ቀስ ብላ ወደ ደጅ ወጣች። ዝናቡ መታት። የራሰ ማተቧን ካንገቷ አወጣች። ጫፉን ቋጠረችው። ደግማ ቋጠረችው። እንደገናም ላዩ ላይ ቋጠረች።

«ዝናብ፣ አስሬሃለሁ» አለችው። «አክስቴ ጋ እስክሄድ ነው።»

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች።

እድላዊት ደነገጠች። ደስም አላት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን ማድረግ እንዳለባት አላወቀችም። ለማንም አልተናገረችም።

ሰው መጀመሪያ ደስ አለው። ልብሱን አሰጣ። ቀን ቀንን ተከተለ። ፀሐይዋ አልሄድ አለች። ጭቃው ደረቀ። ከዚያ ማሳው ተሰነጠቀ። የገብሱ ጫፍ ቢጫ ሆነ። ሐምሌ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም።

ቤቱም ባዶ ሆነ። ሙሉቀን ከጎረቤቶቹ ጋር ከወንዙ ቦይ ሊቆፍር ማልዶ ይወጣል። ከጣራው የሚጠራቀም ውኃ የለም፤ ስለዚህ ካሣነሽ ሩቅ ምንጭ ትወርዳለች። ማታ ሲመጡ ደክሟቸዋል። ቆርቆሮው ጸጥ ብሏል። አሁን አንዱ የሌላውን መስማት ይችላል። ግን የሚናገር የለም።

«ጠይቂኝ» አላት አንተነህ።

«እንቆቅልህ።»

«ምን አውቅልሽ።»

የምትጠይቀው ጠፋት።

«ድመት ነው?» አለ አንተነህ።

አንድ ማታ የሙሉቀን ስልክ ጮኸ። አክስቷ ናት። አውርቶ ሲጨርስ እድላዊትን ጠራት።

«መንገዱ ደርቋል። መኪና ወገዳ ገብቷል። ነገ ትሄጃለሽ።»

«አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም።»

«ክረምቱን ሙሉ ስትነዘንዢኝ አልነበረም?»

«አሁን አልፈልግም።»

ሙሉቀን ሚስቱን አየ። «ይህች ልጅ አሟታል እንዴ?» አለ። ካሣነሽ ግንባሯን ዳሰሰች። ትኩሳት የለም። ሁለቱም ግራ ገባቸው።

እድላዊት እንዴት ትሂድ? ገብሱ ከደረቀ የሚበሉት የለም። ያደረቀችውም እሷ ናት። እንዲያ ነው የመሰላት። ቋጠሮውን ልትፈታው ሞከረች። ክር ርሶ ከታሰረ ሲደርቅ ይጠብቃል። ድንጋይ ሆኗል። በቢላዋ እንዳትቆርጠው ፈራች። ልጆች፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ማተቡን የበጠሰ ሰው ሃይማኖቱን ካደ ነው የሚባለው። ካልቆረጠችው ገብሱ ይሞታል። ከቆረጠችው እሷ ከሃዲ ትሆናለች። ለእናቷ ትንገር? እናቷ ምን ትላታለች?

ካህናቱ ምህላ ያዙ። ሰው ሁሉ ቅጥሩን ሞላው። ሁሉም እጁን ዘርግቶ «እግዚኦ» ይላል። እድላዊትም እጇን ዘረጋች። ዘወር ስትል እናቷን አየች። ካሣነሽ ታለቅሳለች። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል።

ያን ጊዜ ነው ሮጣ ጽዱ ሥር የሄደችው። ያን ጊዜ ነው ያገኘኋት።

ይህን ሁሉ ነገረችኝ። ፊደል አልቆጠርኩ፤ ምን ልበላት? እጇን ይዤ መምሬ ተክለ ማርያም ዘንድ ወሰድኳት። የንስሐ አባቷ ናቸው። ምህላው አብቅቶ ሰው ተበትኗል። ልተዋቸው ብዬ ነበር። እሷ ግን እጄን አልለቅም አለች። ስለዚህ ሰማሁ።

መምሬ ቋጠሮውን አዩት። በጥፍራቸው ሞከሩ። እምቢ አላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሞከሩ። እምቢ አለ።

«አጥብቀሽ ነው ያሰርሽው» አሏት።

«ዝናቡ እንዳያመልጥ ነው።»

መምሬ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ሳል ይሁን ሳቅ እንጃ።

«ስሚ ልጄ፣ ዝናብ በክር አይታሰርም። በፈጣሪ እጅ ነው ያለው። ማተብሽን አትቁረጪ። እንዲሁ ይኑር።»

«እንዲሁ ከኖረ እንዴት ይዘንባል?»

«እሱን ለእሱ ተይለት።»

«ታዲያ ኃጢአት የለብኝም?»

መምሬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዝናቡ ሲመጣ ምን አልሽው?»

«ሂድ አልኩት።»

«ከዝናቡ ጋር ምን መጥቶልሽ ነበር?»

«ጭቃ።»

«ሌላስ?»

«ጭስ።»

«ሌላስ?»

እግሯን አየች። ሰማዩን አየች።

«አባዬ» አለች። «አባዬ ቤት ይውል ነበር።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

መምሬ ራሷን ዳሰሷት። «እንግዲያ ንስሐሽ ይህ ነው። ማታ ማታ አንድ ነገር ፈልጊና ተመስገን በይ። ለሌለው አይዶለም፤ ላለው ነው።»

«ምን አለ አባ? ሁሉ ደርቋል።»

«ፈልጊያ» አሉና መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ።

ወደ ቤቷ ስንሄድ «አባባ፣ መምሬ ያሉት ገባዎት?» አለችኝ።

«ኧረ አልገባኝም።»

«እኔም» አለች።

በመጀመሪያው ማታ ምንም አላገኘችም። ተመስገን ሳትል ተኛች።

በማግስቱ ማታ እናቷ እግሯን አጠበቻት። ውኃው አንድ ጣሳ ነው። ካሣነሽ ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ ያመጣችው ነው። ጣት በጣት አጠበቻት። እጣቢውን ደግሞ ከጓሮው ጎመን ሥር ደፋችው። እናቷ ይህን በየማታው ታደርጋለች። እድላዊት ግን ልብ ብላው አታውቅም።

«ተመስገን» አለች፣ በቀስታ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ሌላ ቀን ሙሉቀን ከቦይ ቁፋሮ ሲመለስ ከምሳው ያስተረፈውን ቆሎ ከኪሱ አወጣ። ለሁለቱም በእፍኝ ሰጣቸው። ትንሽ አፈር አለበት። ጣፋጭ ነበር። እድላዊት ተመስገን አለች። አንድ ሌሊት ደግሞ አንተነህ ተኝቶ እግሩን ሆዷ ላይ ጣለ። ቀድሞ ቢሆን ትገፋው ነበር። ያን ሌሊት አልገፋችውም። ሞቃት እግር ናት።

ጠዋት ሲነቁ «የዚያ እንቆቅልሽ መልስ ጎርፍ ነው» አለችው።

«እኔ ድመት መስሎኝ» አለ አንተነህ።

እንዲህ ሲሆን ሰነበተ። ልቧ ግን አላረፈም። ማታ ተመስገን ትላለች፤ ጠዋት ቋጠሮውን ትዳስሳለች። እንዳለ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአርብ ገበያ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ነፋስ መጣ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። እኔ ከደጀ ሰላሙ ክዳን ሥር ቆሜያለሁ። እድላዊት እየሮጠች መጣች። ከራሷ እስከ እግሯ ርሳለች።

«አባባ፣ ይዩት።»

ማተቧን አወጣች። ቋጠሮው አልተፈታም። ዝናቡ በላዩ ይወርዳል።

«አልፈታሁትም። ማንም አልፈታውም። እንዴት ነው?»

«እንጃ ልጄ።»

«ታዲያ በየት በኩል አመለጠ?»

ሳቅሁ። እኔ ብዙ ጊዜ አልስቅም። እሷ ግን የምሯን ነበር። ቋጠሮውን አገላብጣ ታያለች፣ ሰማዩን ታያለች፣ እኔን ታያለች። ቆይታ እሷም ሳቀች። ያን ሁሉ ቀን ተሸክማው የነበረው ነገር ከትከሻዋ ሲወርድ አየሁት።

ዝናቡ ለምን እንደቆመ፣ ለምን እንደመጣ አላውቅም። አንዱ ምህላው ነው ይላል። ሌላው የሰማይ ጠባይ ነው ይላል። እኔ የማውቀው የገብሱ ግማሽ መትረፉን ነው።

ገሳዬን አለበስኳት። ከሣር የተሠራ ነው፣ ዝናብ አያሳልፍም። እኔ እየራስኩ ቤቷ አደረስኳት።

«ይግቡ እንጂ አያ ጓዴ» አለኝ ሙሉቀን። «በዚህ ዝናብ የት ይሄዳሉ?»

ገባሁ። ሁሉም ቤት ናቸው። ሙሉቀን ገመዱን ይዟል። ጥጃው ጥግ ላይ ተኝቷል። ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል። ካሣነሽ ከረመጡ ድንች አወጣችልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጣል። ካሣነሽ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አልሰማሁም።

«እሺ» አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። ለካ «ጠገቡ ወይስ ልጨምርልዎ?» ነው ያለችኝ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው እድላዊት ናት።

ልጆች፣ ትምህርቱ ይህ ነው፤ በቤታችን ያለውን ትንሹን ነገር ሳንንቅ፣ ሳይሄድብን በፊት፣ ለሰጠን አምላክ ተመስገን እንበል።

እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሰው ቤት መቆየት አልለመድኩም። ከጣራው ሽንቁር አንዲት ጠብታ አንገቴ ላይ ወደቀች። ሌላም ተከተለች። ብድግ አልኩና ገሳዬን ፈለግሁ። እድላዊት ከሥሯ አንጥፋ ተቀምጣበታለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ቢያንጠባጥብብዎም አይሂዱ።»