ወንበር የሠሩት አያት ወንበር አጡ

«ወንበር ሞልቷል! ወንበር የሌለው አይገባም!» አሉ መምህር ፕሪስ። በሩ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«እኔን ነው?» አሉ የኔስት አያት። ከባርኔጣቸው ላይ ዝናብ ይወርዳል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«እርስዎን ነው፣ አቶ ኢድዋል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጅቷ ብቻ ትግባ፤ እሷ ጨፋሪ ናት።»

ልጅቷ ኔስት ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። ራሷ ላይ ትልቅ ቢጫ የወረቀት አበባ ደፍታለች።

«ይሄ ልክ አይደለም!» አለች ኔስት።

አያቷ ጎንበስ አሉ። «ግድ የለም፣ የኔ አበባ። ግቢ። እኔ በመስኮት አያለሁ።»

ኔስት መስኮቱን አየችው። ከአያቷ በላይ ነው። አያቷ በአያቷ ላይ ቢቆሙ እንኳ አይደርሱበትም!

በሩ ተዘጋ። ጓ!

ኔስት ውስጥ። አያት ውጭ። ዝናብ።

ይህ የሆነው ዝናብ በማያጣት በዌልስ አገር፣ ኮረብታ ሥር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሒሳቡም በዌልስኛ ነው። ቀልዱም በዌልስኛ ነው። ቁጣውም በዌልስኛ ነው።

ዛሬ የግጥም በዓል ነው። መንደሩ ሁሉ መጥቷል። ዳቦ ጋጋሪው መጥቷል። የአውቶቡሷ ሹፌር መጥታለች። ከታችኛው ትምህርት ቤት ሕፃናቱም መጥተዋል፤ አበባ መስለው ሊጨፍሩ።

መድረኩ ላይ አንድ ወንበር አለ። ትልቅ። የሚያብረቀርቅ። ከሁሉ የተሻለ ግጥም የጻፈ ተማሪ ይቀመጥበታል፤ ከዚያ ቤቱ ይወስደዋል።

ያንን ወንበር ማን ሠራው? የኔስት አያት!

የትምህርት ቤቱን ትልቅ ዛፍ ነፋስ ጣለው። አያቷ ከተማሪዎቹ ጋር ግንዱን ሰነጠቁ። ጠረቡ። ላጉ። ሽር፣ ሽር፣ ሽር! የብርዱን ወራት ሁሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።

ኔስትም ብርጭቆ ወረቀት ይዛ የወንበሩን እግሮች አለስልሳለች። አራቱንም!

አሁን ወንበሩ ውስጥ ነው። የሠሩት ሰው ውጭ ናቸው።

«ይሄ ልክ አይደለም!» አለች ኔስት፣ አጠገቧ ላለችው አበባ።

«ዝም በይ፣ ተራችን ደረሰ» አለቻት አበባዋ።

አበቦቹ ጨፈሩ። ሁሉም ፈገግ ብለው ጨፈሩ። አንዷ ብቻ ተኮሳትራ ጨፈረች። ወለሉን ረገጠችው። ዷ! ዷ! ዷ!

ከዚያ መለከት ተነፋ። ቱ-ቱ-ቱቱ!

ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ላውሪ መድረክ ላይ ወጡ። «የዘንድሮው ገጣሚ ይነሣ!»

ከመሐል አንድ ረጅም ልጅ ተነሣ። ማክሰን ይባላል። ወንበሩ አጠገብ ደረሰ። ግን አልተቀመጠም።

ገና ነዋ! መጀመሪያ ሁለት ተማሪዎች ትልቅ ሰይፍ ሦስት ጊዜ ከአፎቱ በግማሽ ይመዝዛሉ። በተመዘዘ ቁጥር ወይዘሮ ላውሪ «ሰላም አለ?» ይላሉ። ሰው ሁሉ ሦስት ጊዜ «ሰላም!» ካላለ ሰይፉ አይመለስም፤ ገጣሚውም አይቀመጥም። የዱሮ ልማድ ነው።

ሰላም በዌልስኛ «ሄዙኽ» ነው። እስቲ በሉ! ሄዙኽ!

ሽውው! ሰይፉ ተመዘዘ።

«ሰላም አለ?» አሉ ወይዘሮ ላውሪ።

«ሄዙኽ!» አለ አዳራሹ።

«የለም» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ። ማንም አልሰማትም።

ሽውው!

«ሰላም አለ?»

«ሄዙኽ!»

«የለም!!»

አሁን ተሰማ። ዳቦ ጋጋሪው ዞረ። ሹፌሯ ዞረች። ሰይፉ በግማሹ ቀረ።

«ማነው የለም ያለው?» አሉ ወይዘሮ ላውሪ።

ሕፃናቱ ከተቀመጡበት ወለል ላይ አንድ ቢጫ አበባ ብድግ አለ። «እኔ ነኝ። ኔስት። የአቶ ኢድዋል የልጅ ልጅ።»

«ምነው ልጄ? ሰላም የለም እንዴ?»

«የለም! ዝናብ እየመታቸው ነው! ወንበር የሠሩት አያቴ ወንበር አጡ! ይሄ ልክ አይደለም!»

ዝናቡ ብቻ፣ ጣሪያው ላይ። ጠጠጠጠጠ።

«መምህር ፕሪስ?» አሉ ወይዘሮ ላውሪ።

መምህር ፕሪስ ፊታቸው ቀላ። «ሕግ ነው! ወንበር የሌለው አይገባም! አንድም ወንበር የለም፣ አንድም!»

«እርስዎስ ምን ላይ ነው የተቀመጡት?» አለች ኔስት።

መምህር ፕሪስ ወደ ታች አዩ። በርጩማ።

አዳራሹ ሳቀ። ዳቦ ጋጋሪውማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ኔስት አልሳቀችም።

መምህር ፕሪስ ተነሡ። በሩን ከፈቱት። ሲጥጥ!

አቶ ኢድዋል ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ነበር። ሊወድቁ ትንሽ ቀራቸው።

«ጨፈርሽ?» አሉ።

«በቁጣ ነው የጨፈርኩት» አለች ኔስት። እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። እጃቸው በረዶ ነው።

አያት በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። መምህር ፕሪስ ቆመው ቀሩ።

«ወንበር የሌለው አይገባም» አለች ኔስት።

መምህር ፕሪስ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ አሉ።

ኔስት ትንሽ አሰበች። ወለሉን በእጇ መታ መታ አደረገች። «ይምጡ፣ ከአበቦቹ ጋር ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ደረሰ። ሰይፉም ተመልሶ እንደገና ተመዘዘ።

ሽውው!

«ሰላም አለ?» አሉ ወይዘሮ ላውሪ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ሁሉም ኔስትን አዩ። ሰይፍ የያዙት ተማሪዎችም ኔስትን አዩ።

ኔስት ወደ በሩ ሄደች። አንገቷን ወደ ውጭ አወጣች። ቀኝ አየች። ግራ አየች።

«ውጭ የቀረ ሰው አለ?»

ዝናብ። ባዶ መንገድ። ሣር የምትግጥ አንዲት በግ።

የወረቀቱ አበባ ረጠበና ግንባሯ ላይ ተጋደመ። ኔስት ወደ አዳራሹ ዞረች። ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች።

«ሄዙኽ!» አለች።

«ሄዙኽ!» አለ አዳራሹ። ከሁሉ በላይ የአያቷ ድምፅ ተሰማ።

ሰይፉ አፎቱ ውስጥ ገባ። ማክሰን ቁጭ አለ።

ኔስት በሩን በሁለት እጇ ገፋችው።

ጓ!