የማትበረው የእሳት እራት

«ከእናቴ ሆድ የወጣሁት ዓይኔን ገልጬ ነው» አለች ነፋሲት፣ በአርሜዛ ንጉሥ ዙፋን ፊት እጇን ወገቧ ላይ ሰክታ። «በሰማይ ከሚበር፣ በምድር ከሚሄድ፣ ከዓይኔ ያመለጠ ነፍስ እስከ ዛሬ የለም። ጨረቃዋ ሳትሞላ ተመልሼ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ስሜ ከዚህ አዳራሽ አንስቶ እስከ ወደቡ ልጆች አፍ ድረስ ይጠራል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የማይሳቅ ነገርም አልነበረም፤ ልጅቱ ገና ጡቷ በቅጡ ያላጎጠጎጠ፣ ቀሚሷ በባሕር ጨው የተገተረ የደሴት ልጅ ነበረች። ከዚያ ሁሉ ባለብዙ ስም መኳንንት መካከል እሷ ያላት ስም አንድ ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ማለዳ በአርሜዛ ታይቶ የማይታወቅ ምልክት ታይቷል። ከጠራ ሰማይ አመድ ዘነበ፤ ዘንቦም በንጉሥ ሀምዛል ነጭ ካባ ትከሻ ላይ አረፈ። አመዱ የመጣው ከባሕሩ ማዶ፣ እሳት እየተፉ ከውሃ ውስጥ ከበቀሉት ከፍም ደሴቶች ነው። ጠንቋዮቹ ምልክቱን ሊፈቱ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ዘርዓ መብረቅ ወልደ ነጎድጓድ ቀድሟቸው ብድግ አለ። የዚህ መኮንን ስሞች ሰባት ናቸው፤ የቀሩትን አምስቱን ለመጥራት እስትንፋስ አይበቃም። ተራሮቹ ባለቤት አጥተው እያለቀሱ ነው፣ ስለዚህ ለእኔ ይሰጡኝ ሲል ጠየቀ። የሚፈልገው በተራሮቹ ሆድ ያለውን ድኝ መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። ተራራውን ሊቆፍር፣ በግርጌው የሚኖሩትን ጨው አመላላሾች ደግሞ ወደ ባሕሩ ሊጠርግ ነው።

የአርሜዛም ሕግ ከእሱ ጋር ቆመ። «የራሱ ነፍስ የሌለው ምድር ጠፍ ነው፤ ጠፍ ደግሞ ለጠየቀው ነው» ይላል። ሰዎቹ እዚያ አልኖሩም ወይ ብትሉ፣ ሰው በጀልባ መጣ፤ ፍየሉም በጀልባ መጣ፤ ሕጉ በጀልባ የመጣ አይቆጥርም። እዚያው የበቀለ፣ ሌላ ቦታ የሌለ አንድ ፍጥረት ካልተገኘ ደሴቶቹ ለጠየቀው ይሰጣሉ። ነፋሲት ከጨው ተሸካሚዎች ጋር አዳራሹ በር ላይ ቆማ ይህን ስትሰማ ነው እየተጋፋች ገብታ፣ አለን፣ አመጣዋለሁ ያለችው።

ከዙፋኑ በስተቀኝ የተቀመጠው ታላቁ ዳሳሽ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ይህ ሽማግሌ ዓይነ ስውር ነው፤ በቀለም እንዳይታለል ሲባል የአርሜዛ ዳሳሽ ሁልጊዜ ዓይነ ስውር ይሆናል። ሽማግሌው የሥርዓቱን ቃል በቀስታ አስታወሳት።

«የፍጥረቱን በድን በመዳፌ ታኖሪያለሽ፤ ከዚያ በቃልሽ ትገልጪዋለሽ። በምንም ነገር ግን አትመስይውም። አዲስ ነገር ወንድም የለውም፤ ምሳሌ ያሻው ሁሉ አሮጌ ነው። አንድ ጊዜ ብትመስይ ፍርዱ ይዘጋል። አዲስ መሆኑን ካጸናሁት፣ ስም የሚያወጣለት ከራሱ ስሞች አንዱን ይከፍላል፤ የከፈለም የዚያ ምድር ጠባቂ ይሆናል።»

ለመኳንንቱ ይህ ክፍያ ምንም አልነበረም። ስም የሚደርቡት እንደ ካባ ነው፤ አንዱን ቢያወልቁ ስድስቱ ይሞቃቸዋል። የተከፈለ ስም ግን ወደ ባለቤቱ አይመለስም፤ ማንም በዚያ ስም ሊጠራው ቢሞክር ምላሱ ይታሰራል። ነፋሲት ይህን ሁሉ ሰማች፤ አንገቷንም በእሺታ ነቀነቀች። ልቧ ግን የወደቡ ልጆች ስሟን ሲዘፍኑ እያዳመጠ ነበር።

ከወደቡ ራቅ እስኪሉ ድረስ አያ ቀስቶ ጀልባውን ብቻ ቀዘፈ። ቀስቶ የአጎቷ ልጅ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት፣ ጨው በጀልባ የሚያመላልስ፣ ንግግሩ እንደ ሸቀጡ ደረቅ የሆነ ሰው።

«ለንጉሡ ያልሽው ነፍስ የትኛው ነው?» አላት።

«ገና አላገኘሁትም።»

«አይተሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አይቼው ቢሆን ፍለጋ ምን ያስኬደኝ ነበር፣ አያ ቀስቶ?»

ቀስቶ መቅዘፊያውን አቁሞ ባሕሩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ፣ ዓሣ ሆኜ ብፈጠር ምን ነበረበት ብሎ አጉረመረመና መቅዘፉን ቀጠለ።

የፍም ደሴቶች ለባዳ ዓይን አይራሩም። ጥቁር ድንጋዩ ምላጭ ነው፤ ነፋሱ ቀን ከሌት አያርፍም፤ ከተራሮቹ አፍ የሚወጣው ጭስ ፀሐይዋን እየዋጠ ቀትሩን ያጨልመዋል። ነፋሲት ከዳርቻው ጀምራ እያንዳንዱን ድንጋይ ገለበጠች። ጉንዳን አግኝታ ስትፈነድቅ፣ ይሄ በአጎትሽ የእህል ጆንያ የመጣ ነው አላት ቀስቶ። ሸረሪት ስታመጣለት በየትኛው ጀልባ ሸራ ተጠቅልላ እንደገባች ነገራት። በረሮዋን ሲያይማ የጀልባውን ብቻ ሳይሆን የባለጀልባውንም ስም ጠራ። ጨረቃዋ እየወፈረች፣ የነፋሲት ጉራ እየከሳ ሄደ።

በመጨረሻ ማንም የማይወጣው የትልቁ ተራራ ወገብ ላይ ደረሱ። እዚያ ድንጋዩን የሸፈነው የድንጋይ ሽበት ብቻ ነው፤ ግራጫ፣ ደረቅ፣ ከዓለቱ ጋር የተጣበቀ። በሽበቱ ላይ ነፋሲት ከክር ያልወፈሩ አባጨጓሬዎች ሲግጡ አየች። ቀስቶ ጎንበስ ብሎ ተመለከታቸው፤ ያመጣቸውን ጀልባ ግን መጥራት አልቻለም። ድንጋይ በልቶ የሚያድር ተሳፋሪ አላጋጠመውም።

አባጨጓሬ ካለ እናት አለችው ብላ ደመደመች ነፋሲት። እናቲቱ የእሳት እራት መሆን አለባት፤ የእሳት እራት ደግሞ እሳት ካየ እንደሚመጣ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ስለዚህ ከጉያዋ ችቦ አወጣች።

ቀስቶ እጇን ያዛት። በዚህ ተራራ ላይ እሳት የለኮሰ አልተመለሰም፣ ፍምበል አለ አላት። ፍምበልን በደሴቶቹ የማይፈራ የለም። ሰውነቱ የረጋ ዓለት፣ ሆዱ ቀይ ፍም የሆነ ግዙፍ አውሬ ነው፤ ዓይን የለውም፣ ነገር ግን ብልጭ ያለ እሳት ሁሉ ይሸተዋል፤ የሸተተውን ይውጣል።

«ፍምበል ሌሎቹን ይብላ» አለች ነፋሲት። «እኔ የጠፍ ልጅ ተብዬ ከምባረር፣ ተበልቼ የተራራ ልጅ ብባል ይሻለኛል።» ችቦውንም ለኮሰች።

ቀትሩ በአመድ ጨልሟል። ነፋሲት ችቦዋን ከፍ አድርጋ አንጋጣ ሰማዩን ጠበቀች። አንገቷ እስኪደነዝዝ አንጋጠጠች። ከሰማይ ምንም አልመጣም። የመጣው ከመሬት ነው፤ ዓለቱ ተሰነጠቀ፣ የድኝ ሽታ አየሩን ሞላው፣ ፍምበልም ቀይ ሆዱን እየጎተተ ከስንጥቁ ወጣ። ነፋሲት ልትሮጥ አሰበች፤ እግሯ ግን ሌላ አሰበ። ቀስቶ ዘሎ ችቦውን ከእጇ ነጠቀና ወደ ገደሉ ወረወረው። አውሬው ሲዞር ጅራቱ የቀስቶን ቀኝ ክንድ ከክርን እስከ መዳፍ ለበለበው። ቀስቶ በግራ እጁ የልጅቱን ማጅራት ይዞ ፊቷን አመድ ውስጥ ደፈቀው።

ፍምበል ከላያቸው አለፈ። ነፋሲት ጉንጯ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ፣ አፏ በአመድ ተሞልቶ፣ እናቷ ያወጣችላትን ስም በልቧ እየደጋገመች ተኛች። ያን ጊዜ ነው፣ ካፍንጫዋ ፊት ለፊት፣ አንዲት ጥቁር ነገር በእግሯ ስትሄድ ያየችው። አልበረረችም። አልቸኮለችም። ክንፎቿ ለመብረር የማይበቁ ጉራጆች ነበሩ። የአውሬው ጅራት አጠገቧ ሲጋደም ሽሽት እንኳ አላማራትም፤ ዘላ ወጣችበት፣ እሳቱ ሳይዛት ተሻግራው ወረደች፣ ሽበቷን ፍለጋ መንገዷን ቀጠለች።

ነፋሲት ገባት። በዚህ ነፋስ የበረረ ሁሉ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ በዚህ ተራራ እሳት የወደደ ሁሉ ይበላል። ይህችኛዋ የእሳት እራት ግን ሁለቱንም እምቢ ብላ ነው የኖረችው።

አውሬው ሲርቅ በቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ሽበት ጎዝጉዛ አኖረቻትና ዳርቻው ሲደርሱ ለቀስቶ አሳየችው። ቀስቶ የተቃጠለ ክንዱን በጨው ውሃ እያራሰ አንዴ አየት አደረጋት።

«ይቺን ነው? ከብርድ ልብሴ ሳራግፋት የኖርኩትን? አንቺም እኮ ከተወለድሽ ጀምሮ ስትረግጫት ነው የኖርሽው፣ ዓይነ ግልጧ።»

ነፋሲት ቅርፊቱን ጉያዋ ውስጥ ከታ መቅዘፊያውን አነሣች።

በመልስ ጉዞው የቀዘፈችው እሷ ነች። መዳፏ ቆስሎ ደማ፤ ቀስቶም በአንድ እጁ እየጨለፈ የባሕር ውሃ ፊቷ ላይ ይረጫል። እየቀዘፈች የእሳት እራቷን መግለጫ ትለማመዳለች፤ በምሳሌ በተናገረች ቁጥር ትረጫለች። ጥቁረቷ ከሰል ይመስላል ስትል ተረጨች። እንደ ፌንጣ ትዘላለች ስትል ተረጨች። እንደ አንተ ግትር ናት ስትልማ ሙሉ ባልዲ ተደፋባት። የአርሜዛ ማማዎች ሲታዩ የእሳት እራቷ ትንሽ ዕድሜዋን ጨርሳ ሽበቷ ላይ አርፋ ነበር፤ ነፋሲትም ከራስ እስከ እግሯ በስብሳ፣ ዝም ማለትን በከፊል ተምራ ወደቡ ላይ ወረደች።

በአዳራሹ በድኗን ከዳሳሹ መዳፍ ላይ አኖረችው። የሽማግሌው ጣት ገና ሳይነካት ዘርዓ መብረቅ ብድግ አለ። ክንፏ የተቃጠለ ተራ የእሳት እራት ናት፣ ልጅቱ ሻማ ሥር ለቅማ አመጣቻት ሲል ከሰሰ።

ነፋሲት ወደ እሱ አልዞረችም።

«አባቴ፣ አውራ ጣትዎ ጥፍር ላይ ያስቀምጧት፤ ጠርዙን አትነካም። ክንፎቿ አራት ናቸው፤ አጭር ናቸው፤ ጫፋቸው ይሾላል። ጠርዛቸውን በስሱ ይዳስሱት፤ ዙሪያውን ጸጉር አለ። የእሳት እራት የነካ እሳት ጸጉር አይተውም። የኋላ እግሯን ይዘርጉት፤ ከሆዷ ይረዝማል፤ የምትሄደው በእሱ ነው። ቀንዶቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ቅርንጫፍ የላቸውም። ምላስም የላትም፤ ስለዚህ ችሎት ፊት ቆማ ዋሽታ አታውቅም።»

የዳሳሹ ከንፈር በትንሹ ተንቀሳቀሰ።

«ጥቁረቷስ?» አለ ዘርዓ መብረቅ ለስለስ ብሎ። «ምን ያህል ጥቁር ናት፣ ልጄ?»

ወጥመድ ነበረ። ከሰሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ያን ጊዜ ግን ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ፊቷን የመታት መሰላት።

«ጥቁር ናት» አለች። «ከዚያ በላይ ማወቅ ካማርዎት፣ ሄደው አንጋጠው ሳይሆን ጎንበስ ብለው ይዩ።»

ሽማግሌው ብዙ ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ወንድም የላትም፣ አዲስ ናት ሲል አጸና። ደሴቶቹ ጠፍ አይደሉም። የጨው ተሸካሚዎቹ እልልታ ከበሩ ሳያልፍ ግን ዘርዓ መብረቅ እንደገና ተነሣ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ርኅራኄ ነበረበት፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ይህች ምስኪን ያላት አንድ ስም ነው፣ እኔ ግን ሰባት አለኝ፤ አንዱን ከፍዬ ለእሳት እራቷ ስም ላውጣላትና የደሴቶቹን ጥበቃ ሸክም ልቀበላት አለ።

ነፋሲት ያን ጊዜ ነው አንገቷን ነቅንቃ ያለፈችው ቃል ሙሉ ክብደቱ የተሰማት። ስሟን ያወጣችላት እናቷ ነች፤ ባሕር ላይ ጠፍተው ሳለ ድንገት ዞሮ ጀልባቸውን ወደ ቤት በመለሰ ነፋስ። ከእናቷ የቀራት ሌላ ምንም የለም፤ ቀሚሱ አልቋል፣ ድምፁ ተረስቷል።

«ንጉሥ ሆይ» አለች። «እኚህ ሰው የሚሰጡት የተረፋቸውን ነው። የተረፈ ነገር ደግሞ ለውሻ እንጂ ለጠባቂነት አይሰጥም። እኔ ያለኝን ሁሉ እሰጣለሁ። በአባቶቼ መቃብር፣ በእሳቱና በጨው ምዬ እላለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ነፋሲት እሷ ናት።»

ንጉሡ ፈቀደ፤ ዳሳሹም ቃሉን በበድኗ ላይ ደገመው። ሁለተኛም አመድ፣ ጣራው ሳያግደው፣ ዘነበ፤ ስስ፣ ሞቅ ያለ። የዘርዓ መብረቅን ሰባቱንም ስሞች አልብሶ ከእግር እስከ ራሱ አጠቆረው። ሕዝቡ እልል አለ። ቀስቶ በደስታ እየሮጠ መጥቶ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፣ በስሟም ሊጠራት አፉን ከፈተ። ስሟ አልወጣም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ አፉን ዘግቶ፣ በማይታመመው ክንዱ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስጠጋው።

ጀልባቸው ወደቡን ሲለቅ ልጆቹ ግንቡ ላይ ተሰልፈው ይዘፍኑ ነበር፤ ነፋሲት፣ ነፋሲት፣ እሳት የናቀች ነፋሲት። ልጅቱ ዓይኗን ጠራርጋ አገጯን ቀና አደረገች። ጉራዋ እንደ ባሕር ሞገድ ነው፤ ቢሸሽም ይመለሳል።

«ሰማህ፣ አያ ቀስቶ? አላልኩም ነበር? ይኸው የወደቡ ልጅ ሁሉ ስሜን ይጠራል።»

ቀስቶ ባልዲውን እግሯ ሥር ወረወረላት።

«የሚጠሩት የእሳት እራቷን ነው። አንቺን የሚያውቅ የለም፤ እኔም ማን ብዬ እንደምጠራሽ ጠፍቶኛል። ጀልባው ውሃ ይዟል፤ ጭለፊ።»